ዲለሩ ከአምስት ሳምንት በኋላ ደውሎ «መኪናሽ ተጋጭታ ነበር» ላላት እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። በሰሜን ቨርጂኒያ ከአንድ ዲለር አዲስ መኪና ስትገዢ የ2016 ቶዮታ ካምሪሽን በ9,800 ዶላር ተቀብለው ከዋጋው ቀነሱልሽ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ደውሎ «ሻንሲዋ የተነካ መኪና ደብቀሽ ሰጠሽን፤ ወይ 3,200 ዶላር ክፈዪ፣ ወይ አዲሱን መኪና መልሺ፣ አለበለዚያ ለፖሊስ እናመለክታለን» አለሽ። ካምሪዋ ከዚያ በፊት ከኋላ ተገጭታ በገጪው ኢንሹራንስ ተጠግናለች፤ ይህንንም ለሽያጭ ሠራተኛው በቃል ነግረሽዋል። የዜግነት ማመልከቻሽን ያበላሽብኛል ብለሽም ሰግተሻል።

ከሁሉ በፊት፣ በስልክ በተነገረሽ ነገር ብቻ አንዲት ሳንቲም እንዳትከፍዪ። አዲሱን መኪና እየነዳሽ ወደ ግቢያቸው እንዳትገቢ። «ውሉን እናስተካክለው» ብለው የሚያቀርቡልሽንም ወረቀት እንዳትፈርሚ። ይህን የምልሽ ዲለር ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብዬ አይደለም። እዚሁ አካባቢ በአንድ ዲለር ያገለገሉ መኪኖች ክፍል ውስጥ የደንበኞችን መኪና እየመረመርኩ ዋጋ ስገምት ለዓመታት ሠርቻለሁ። የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ባለ ስልክ የተደናገጡ ወገኖች ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡብኛል። ከሁለቱም ወገን ሆኜ እንዳየሁት፣ ነገሩን የሚወስነው የሥራ አስኪያጁ ቁጣ ሳይሆን መኪናዋን ስታስረክቢ የፈረምሽው ወረቀትና በዚያን ቀን የምታውቂው ነገር ነው።

ይህን ያህል ቆይተው ለምን ደወሉ ብለሽ ጠይቀሻል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጨረታ ነው። ዲለሩ የተቀበላትን መኪና ራሱ ሊሸጣት ካልፈለገ ለዲለሮች ብቻ ወደተከፈተ ጨረታ ይልካታል። በፔንሲልቬንያ ማንሃይም እንዳለው ባለ ትልቅ ግቢ መኪኖች በየመስመሩ እያለፉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሸጣሉ። በመስመሩ ላይ መብራት አለ። አረንጓዴ ከበራ ሻጩ ስለ መኪናዋ ደኅንነት ኃላፊነት ወስዷል፤ ቢጫ ከበራ አስቀድሞ የሚነገር ጉድለት አለ፤ ቀይ ከሆነ እንዳለች ተሸጠች ማለት ነው። በአረንጓዴ የተሸጠች መኪና ስትመረመር መዋቅሯ ተነክቶ ከተገኘ ገዢው ለጨረታው ድርጅት አቤት ብሎ ሊመልሳት ይችላል። ያኔ ኪሳራው በዲለሩ ላይ ይወድቃል፤ እርሱም የአንቺን ስልክ ቁጥር ይፈልጋል። እኔ በሠራሁበት ቦታ እንዲህ ያለው ኪሳራ የገማቾቹ ነበር፤ ደንበኛ አይጠራበትም ነበር። ትክክሉም ያ ነው እላለሁ። መኪናዋን በሊፍት አንስቶ ሥሯን ማየት፣ የመኪናን ያለፈ ታሪክ የሚያሳየውን የካርፋክስ ሪፖርት ማውጣት፣ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ መዞር የገማቹ ሥራ ነው። የፋብሪካ ቀለም በአብዛኛው ከ4 እስከ 7 የኢንች ሺህኛ ውፍረት አለው፤ እንደገና የተቀባ ብረት ከዚያ ይበልጣል፤ ስቱኮ፣ ማለትም የብረት ጉድጓድ መሙያ፣ ያለበት ደግሞ ብዙ እጥፍ ያሳያል። ይህን ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ስለ ሕጉ የማውቀውን ልንገርሽ። ከሉዊዚያና በቀር ሁሉም ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የዕቃ ሽያጭ ሕግ በአንቀጽ 2-304 ላይ፣ ዋጋ በዕቃ ሲከፈል እያንዳንዱ ወገን ለሚያስረክበው ዕቃ ሻጭ ነው ይላል። ስለዚህ ለካምሪዋ ሻጯ አንቺ ነሽ። ነጋዴ ስላልሆንሽ ግን ሕግ በነጋዴ ላይ በዝምታ የሚጥለው የጥራት ዋስትና አይመለከትሽም። በአንጻሩ «ተጋጭታ አታውቅም» ብለሽ ጽፈሽ ወይም ተናግረሽ ከሆነ፣ ያ ቃል ራሱ ዋስትና ሊሆንብሽ ይችላል፤ በቅን ልቦና ተሳስተሽ ብትይውም እንኳ። ማታለል ነው ለማለት ግን እያወቅሽ ሐሰት መናገርሽንና እነርሱም በቃልሽ ተማምነው መግዛታቸውን ማስረዳት ይኖርባቸዋል። መኪናዋን በራሱ ባለሙያ መርምሮ ዋጋ ለሰጠ ድርጅት ይህ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ወረቀቱን ፈልጊ። አንደኛው የግዢ ትእዛዙ ነው፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ስለምትሰጪው መኪና የሚናገር አንቀጽ አለ። ሁለተኛው ብዙ ዲለሮች የሚያስፈርሙት «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ የመኪና ሁኔታ መግለጫ ነው። የጥያቄውን ቃል አንድ በአንድ አንብቢው። «ግጭት ደርሶባት ያውቃል?» እና «ሻንሲዋ ወይም መዋቅሯ ተጎድቶ ያውቃል?» በፍጹም የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። «እስከማውቀው ድረስ» የሚል ሐረግ ካለበት ደግሞ በጣም ይጠቅምሻል። ቅጂው እጅሽ ላይ ከሌለ የፈረምሽውን ሁሉ ሙሉ ቅጂ እንዲሰጡሽ በኢሜይል ጠይቂ።

መዋቅር ሲባል ምን እንደሆነ ላስረዳሽ፤ በዚህ ቃል ብዙ ሰው ይደናገጣል። የዛሬ የቤት መኪኖች አብዛኞቹ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የላቸውም፤ አካላቸው ራሱ ሸክሙን ይይዛል። ፓራውልት ተቀይሮ፣ የኋላ መብራት ተተክቶ፣ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ መዋቅሩ አልተነካም። የሻንጣው ወለል ወይም በሥሩ ያሉት ረጃጅም ብረቶች ታጥፈው በማሽን ተስበው ከሆነ ግን ተነክቷል። ይህን የሚነግርሽ የጥገናው ሰነድ ነው። ከከፋዩ ኢንሹራንስና ካስጠገንሽበት ጋራዥ የመጨረሻውን ዝርዝር ሂሳብ ከነፎቶው አስወጪ። ሂሳቡ ላይ የሻንሲ ማቃኛ ሰዓት ካልተጻፈ ትልቅ ማስረጃ አገኘሽ ማለት ነው።

ካርፋክስን እንደ መጨረሻ ፍርድ አትዪው። ከ1984 ጀምሮ የሚሠራ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚሁ ቨርጂኒያ ሴንተርቪል ያለ ድርጅት ነው፤ ግን የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ፖሊስ ወይም ጋራዥ ዘግይቶ ካሳወቀ ዛሬ ንጹሕ የነበረ ሪፖርት ከወራት በኋላ ግጭት ሊጨመርበት ይችላል። የፌዴራሉ የታይትል (የባለቤትነት ሰነድ) መረጃ ሥርዓት ደግሞ የጥገና ታሪክ አይዝም፤ የሚይዘው የታይትል ታሪክን፣ መኪናዋ ከጥቅም ውጪ ተብላ እንደሆነና የመሳሰለውን ነው። ስለዚህ ዲለሩ ዋጋ በሰጠበት ቀን ያወጣውን ሪፖርት ከነቀኑ እንዲልክልሽ ጠይቂ። ግጭቱ በዚያን ቀን ሪፖርቱ ላይ ከነበረ «ደበቅሽን» የሚለው ነገር ይፈርሳል።

ፖሊስ ስለሚሉት፣ በውል ገንዘብ ላይ መከራከር የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ፖሊስም የዲለር ገንዘብ ሰብሳቢ አይደለም። መከሰስ ማለት በወንጀል መከሰስ ማለት እንዳልሆነም ያዢ። በቨርጂኒያ የገንዘብ ክስ መጥሪያ «ዋራንት ኢን ዴት» ይባላል፤ ስሙ ቢያስፈራም የእስር ማዘዣ አይደለም። ከደረሰሽ ግን በተጻፈው ቀን ፍርድ ቤት ቅረቢ፤ ከቀረሽ በሌለሽበት ሊፈረድብሽ ይችላል። በጣም የሚያሳዝነኝ እውነቱ ከእነርሱ ጋር ሆኖ ሳለ ፈርተው ሳይቀርቡ የሚፈረድባቸው ወገኖች ናቸው። በቨርጂኒያ የአነስተኛ ክርክሮች ችሎት እስከ 5,000 ዶላር ያያል፤ በመሠረቱ ሁለቱም ወገኖች ያለ ጠበቃ ይከራከራሉ። ጠበቃ ካቆምሽ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ጉዳዩ ወደ መደበኛው የወረዳ ችሎት እንዲዛወር መጠየቅ ትችያለሽ። ሜሪላንድ ላላችሁ ጣሪያው እንዲሁ 5,000 ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ 10,000 ነው። በውሉ ላይ የግልግል አንቀጽ ካለ መንገዱ ሊለወጥ ስለሚችል ያንንም ፈልጊ። አዲሱን መኪና በተመለከተ ብድሩ ወደ ባንክ ተላልፎ እንደሆነ ለባንኩ ደውለሽ አረጋግጪ፤ ክፍያሽንም አንድ ቀን እንዳታሳልፊ።

አሁን ከባዱን ልናገር። «ግጭት ደርሶባት ያውቃል?» ለሚለው «አይደለም» ላይ ምልክት አድርገሽ ፈርመሽ ከሆነ አቋምሽ ደካማ ነው፤ ለሽያጭ ሠራተኛው በቃል ነግሬዋለሁ ማለት ብቻውን ላያድንሽ ይችላል። ሠራተኛው ራሱ «ይህን እዚህ ሙይው» ብሎሽ ከሆነ ያኔ የተላላካችሁትን የስልክ መልእክት ፈልጊ፤ የተጻፈ ነገር ካለ ሁኔታው ይለወጣል። ከሌለ መስማማቱ ይሻላል፤ ግን በእነርሱ ቁጥር አይደለም። 3,200 ከየት መጣ? የጨረታውን ደረሰኝ፣ የምርመራውን ውጤትና በመጨረሻ የተሸጠችበትን ዋጋ ያሳዩ። ከዚያ በልዩነቱ ላይ ተደራደሪ፤ ስትከፍዪም ዳግም ምንም እንደማይጠይቁሽ በጽሑፍ ሳይፈርሙ ቼክ እንዳትሰጪ።

ለሥራ አስኪያጁ አጭር ኢሜይል ጻፊ፦ የፈረምኩትን ወረቀት፣ የዚያን ቀን ሪፖርትና የጉዳቱን ማስረጃ ላኩልኝ፤ ከዚህ በኋላ በጽሑፍ ብቻ እንነጋገር በይ። ዛቻው ከቀጠለ ለቨርጂኒያ የሞተር ተሽከርካሪ ሻጮች ቦርድ ማመልከት ትችያለሽ፤ የዲለሮችን ፈቃድ የሚቆጣጠረው እርሱ ነው። እግረ መንገዴን ልጥቀስልሽ፣ የተገጨ መኪና ከተጠገነም በኋላ ዋጋው ስለሚቀንስ ያንን ልዩነት ከገጪው ኢንሹራንስ መጠየቅ ይቻላል። በቨርጂኒያ የንብረት ጉዳት ክስ ጊዜ 5 ዓመት ስለሆነ ግጭቱ ከደረሰ ያን ያህል ካልሆነው የአንቺ ገና አላለፈም። ሲከፍሉሽ የመጨረሻ ስምምነት አስፈርመውሽ እንደሆነ ግን አስቀድመሽ እዪ።

የመኪና ሁኔታ መግለጫውን ስታገኚ ስምሽንና የሻንሲ ቁጥሩን ሸፍነሽ የጥያቄዎቹን ትክክለኛ ቃል እዚሁ ለጥፊልን። የጥገናውን ሂሳብ ከጨመርሽበት መዋቅሯ ተነክቶ እንደሆነ መስመር በመስመር አይቼ እነግርሻለሁ።