የኢንሹራንስ ግዴታው ቀርቷል ወይስ አልቀረም?

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ጁላይ ላይ ከቨርጂኒያ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ገባሁ። የጤና ኢንሹራንስ ኖሮኝ አያውቅም። ጓደኛዬ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግዴታውን ሽሮታል፣ አትጨነቅ» አለኝ። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ግን «ቅጣት አለብህ» ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ታክስ የሚሠራልዎትን ይመኑ።

ፍርድ ቤቱ ግዴታውን አልሻረም። በ2010 በወጣውና ሁላችንም «ኦባማኬር» በምንለው ሕግ ላይ ውሳኔ የሰጠው በ2012 ነው። ተቃዋሚዎቹ «መንግሥት ዜጋን ግዛ ብሎ ሊያስገድድ አይችልም» ብለው ተከራከሩ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በዚህ ተስማምተዋል፤ ኮንግረስ ንግድን የመቆጣጠር ሥልጣኑ እስከዚያ አይደርስም። ግን ያልገዛ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ እንደ ታክስ ይቆጠራል፣ ታክስ መጣል ደግሞ ይቻላል ብለው አጸኑት። ድምፁ አምስት ለአራት ነበር። ጓደኛዎ ያምታታው ከ2017ቱ የታክስ ሕግ ጋር ይመስለኛል። የፌዴራሉን ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ያደረገው እሱ ነው።

ዲሲ ግን በዚያው በ2019 የራሱን ግዴታ አመጣ። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ጀርሲና ሮድ አይላንድም ይቀጣሉ። ቨርጂኒያ አትቀጣም። የሚታየው የሚሠሩበት ሳይሆን የሚኖሩበት ቦታ ነው። ሂሳቡ በወር ስለሆነ ቨርጂኒያ የነበሩባቸው ወራት አይቆጠሩብዎትም። ይህን ለታክስ ሠራተኛዎ በደንብ ይንገሩት።

«ጤነኛ ነኝ፣ ለምን እገደዳለሁ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ኦባማኬር የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ስኳር ወይም ካንሰር ያለበትን ሰው እንዳይመልሱ ከልክሏል። ታዲያ ሁሉም እስኪታመም ቢጠብቅ፣ ለቅሶ ከደረሰ በኋላ እድር ልግባ እንደማለት ነው። የሚያዋጣው በሽተኛ ብቻ ይሆንና ዋጋው ሰማይ ይነካል። ለዚህ ነው ግዴታውን የምደግፈው። ወርሃዊ ክፍያው ከቅጣቱ በልጦበት ቅጣቱን የሚመርጠውን ሰው ግን አልፈርድበትም። ሕጉ ያላለቀው እዚያ ላይ ነው።

ቅጣቱን ለመክፈል አይቸኩሉ። በገቢ ማነስ ወይም በችግር ነጻ የሚያደርጉ ድንጋጌዎች አሉ፤ መጀመሪያ እነሱን ያጣሩ። ገቢዎ ለሜዲኬይድ (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ለሚሰጠው የጤና ሽፋን) የሚያበቃ ከሆነ በማንኛውም ወር ማመልከት ይችላሉ። ካልሆነ የዲሲ ሄልዝ ሊንክ (ኢንሹራንስ የሚገዛበት የዲሲ ገበያ) መደበኛ ምዝገባ ኖቬምበር 1 ይከፈታል።

አደራ፣ ታክሱ ላይ «ዓመቱን ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረኝ» ብለው እንዳይሞሉ። ኩባንያዎች ማን ሽፋን እንደነበረው ለዲሲ ታክስ ቢሮ ያሳውቃሉ፤ ፊርማው ደግሞ የእርስዎ ነው።