የዘረመል ምርመራ ውጤቴን ከእህቶቼ መደበቅ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። እናቴ ያረፈችው በጡት ካንሰር ነው። ሐኪሜ ባዘዘልኝ ምርመራ ቢአርሲኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ አደገኛ ለውጥ ተገኝቶብኛል፤ በሽታው ግን የለብኝም። ከሁለቱ እህቶቼ ጋር ስለተቀያየምን እንዲያውቁብኝ አልፈልግም። ሐኪሙ ያለፈቃዴ ሊነግራቸው ይችላል? አሠሪዬና የመድን ድርጅትስ ውጤቱን የመጠየቅ መብት አላቸው? ወንድሜም የዘር ሐረጉን ለማወቅ ብሎ ምራቁን ለአንድ ኩባንያ ልኳል፤ በእሱ በኩል የእኔ ምስጢር ይወጣል?

መልስ፦ የሚኖሩበትን አገር ስላልነገሩን ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለኝም። ልዩነቱ ወሳኝ በሆነበት ቦታ የአገሩን ስም እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከባዱ ጥያቄ የሐኪሙ ነው። መነሻው የሕክምና ምስጢር ጠባቂነት ስለሆነ ሐኪሙ ለእህቶችዎ ደውሎ የመንገር ሥልጣን በመርህ ደረጃ የለውም። ችግሩ ይህ መረጃ እንደ ደም ግፊት ልኬት የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። ለውጡን ከእናትዎ ወርሰውት ከሆነ እያንዳንዷ እህትዎ የመውረስ ዕድሏ 50 በመቶ ነው፤ ለውጡ ያለባት ሴት ደግሞ በዕድሜ ዘመኗ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ60 በመቶ ይበልጣል። ቀድማ ካወቀች ክትትሏን ቀድማ ትጀምራለች።

ፍርድ ቤቶችንም ያከራከረው ይኸው ነው። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 ሐኪሙ በሽታው በዘር እንደሚተላለፍ ለታካሚው ከነገረ ግዴታውን ተወጥቷል አለ። በዓመቱ የኒው ጀርሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሐኪሙ ከዚያም አልፎ ዘመድን ማስጠንቀቅ የሚኖርበት አጋጣሚ ሊኖር እንደሚችል ገለጸ። በእንግሊዝ በ2020 ውሳኔ ባገኘ ጉዳይ አባት ሀንቲንግተን የተባለው በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ እንዳለበት ለነፍሰ ጡር ልጁ እንዳይነገራት ከልክሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ሐኪሞች የታካሚውን ምስጢርና የልጅቱን ጥቅም የማመዛዘን ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው ካለ በኋላ፣ በዚያ ጉዳይ ግዴታው አልተጣሰም ብሎ ክሷን ውድቅ አደረገ። የአውስትራሊያ ሕግ በዘመድ ሕይወት ወይም ጤና ላይ ከባድ አደጋ ሲኖር ሐኪሙ ያለ ታካሚው ፈቃድም እንዲናገር ይፈቅድለታል፤ አያስገድደውም። በፈረንሳይ ግዴታው የሚወድቀው በራሷ በታካሚዋ ላይ ነው፦ ወይ ለዘመዶቿ ትነግራለች፣ ወይም ስሟ ሳይጠቀስ ሐኪሙ እንዲያሳውቅላት ታደርጋለች።

ይህን የፈረንሳዮች መንገድ የትም ቢኖሩ እመክርዎታለሁ። ሐኪምዎን ወይም የዘረመል አማካሪዎን ስም የሌለው የቤተሰብ ደብዳቤ እንዲያዘጋጁ ይጠይቋቸው። በደብዳቤው የዘረመሉ ስም፣ ላቦራቶሪው በፊደልና በቁጥር የጻፈው የለውጡ ትክክለኛ መለያ፣ እንዲሁም ለውጡ በሽታ አምጪ ተብሎ መመደቡ ይግባ። ስምዎ፣ የልደት ቀንዎ፣ የካርድና የናሙና ቁጥርዎ አይግቡ። መለያው እንዳይቀር አደራ፤ ያለ እሱ እህትዎ ተመርምራ «ምንም አልተገኘም» ብትባል፣ የቤተሰቡን ለውጥ አልወረሰችም ማለት ነው ወይስ ምርመራው ያንን ቦታ አላየውም የሚለውን ሐኪሟ መለየት ይቸግረዋል። ዩኔስኮ በ2003 ያወጣው ስለ ሰው ዘረመል መረጃ የሚደነግገው መግለጫ አለማወቅን መምረጥንም እንደ መብት ስለሚቆጥር፣ ዝርዝሩን ለብቻው በታሸገ ፖስታ አድርገው በሽፋኑ ደብዳቤ ላይ «ማወቅ ከፈለጉ ይክፈቱ» ይባል። እውነቱን ለመናገር አራት ልጆች ባሉበት ቤት ስም መሰረዝ ብዙም አይሸሽግም፤ መገመታቸው አይቀርም። ደብዳቤው ለወንድምዎም ይድረስ፤ ወንድም ለውጡን ወርሶ ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል።

አሠሪን በተመለከተ መልሱ ቀላል ነው። በአሜሪካ የ2008ቱ የዘረመል አድልዎ መከላከያ ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ውጤቱን እንዳይጠይቅ፣ ቢያውቀውም እንዳይጠቀምበት ይከለክላል፤ የእናትዎ ሕመም ራሱ በዚህ ሕግ የዘረመል መረጃ ነው። በካናዳ የ2017ቱ ሕግ ምርመራን ወይም ውጤትን የውል ቅድመ ሁኔታ ማድረግን ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይደርሳል። ምስጢሩ በቀላሉ የሚያመልጠው ግን በሕመም ፈቃድ ወረቀት ነው። ሐኪምዎ ከሥራ የሚያርፉበትን ቀን ብቻ ይጻፍ እንጂ ምክንያቱን አይዘርዝር። በአሜሪካ አድልዎ ከደረሰብዎ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የሚያመለክቱት በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ግዛቱ ተመሳሳይ ሕግና አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል።

መድን ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው ጥበቃ አለኝ ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ነው። የአሜሪካው ሕግ የሚሸፍነው የጤና መድንን ብቻ ነው፤ የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ከሕጉ ውጭ ናቸው፤ እንደ ፍሎሪዳ (ከ2020 ጀምሮ) በራሳቸው ሕግ የከለከሉ ግዛቶች አሉ። በእንግሊዝ የመድን ድርጅቶች በተስማሙበት ደንብ መሠረት ገና ላልታመመ ሰው የተደረገ የምርመራ ውጤት የሚጠየቀው ለሀንቲንግተን በሽታ፣ ያውም ከ500,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ የሕይወት መድን ነው፤ የእርስዎ ዓይነት ውጤት አይጠየቅም። የእናትዎን ሕመም ግን ሊጠይቁ ይችላሉ።

ሕጉ እንዲጠየቅ የሚፈቅደውን ጥያቄ በውሸት አይመልሱ። ውሸቱ የሚወጣው ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ውሉ ሊሰረዝና የሚጎዱትም ተጠቃሚ ያደረጓቸው ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ያልተጠየቁትን ደግሞ፣ ሕጉ በራስ ተነሳሽነት የማሳወቅ ግዴታ ካልጣለብዎ በቀር፣ መናገር የለብዎትም። ከቅጹ ጥያቄዎች ይልቅ በመጨረሻው ገጽ ያለችውን «የሕክምና ማኅደሬ እንዲታይ ፈቅጃለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር ያስተውሏት፤ ፊርማዎ ሙሉውን ማኅደር ይከፍታል። ፈቃዱ በተወሰኑ ዓመታትና በተወሰኑ ሰነዶች እንዲገደብ ጠይቀው ይጻፉበት።

ወደ ወንድምዎ ምራቅ ስንመጣ፣ እርስዎና እሱ በአማካይ ግማሽ ያህል ዘረመል ትጋራላችሁ። በእሱ ላይ ለውጡ መገኘቱ እርስዎ ላይ መኖሩን ባያረጋግጥም በቤተሰቡ ውስጥ እንዳለ ይጠቁማል። የካሊፎርኒያ ፖሊስ በ2018 ለአሥርተ ዓመታት ሲፈለግ የነበረን ነፍሰ ገዳይ የያዘው የሩቅ ዘመዶቹ በድረ ገጽ ባስቀመጡት ዘረመል ተመርቶ ነው። በ2023 ደግሞ ጠላፊዎች 23 ኤንድ ሚ በተባለው ከምራቅ ዘረመል በሚመረምር ኩባንያ 14,000 ገደማ አካውንቶችን ከፍተው፣ ተጠቃሚን ከዘመዶቹ ጋር በሚያስተዋውቀው የዘመድ ማገናኛ አገልግሎት በኩል የ6.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ወሰዱ፤ ኩባንያው በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በሕግ የናሙናው ባለቤት ወንድምዎ ስለሆነ እርስዎ ኩባንያውን «አጥፋ» ማለት አይችሉም፤ መለመን ያለብዎት እሱን ነው። እሺ ካለ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ በመጀመሪያ የዘመድ ማገናኛውን ይዝጋ፣ ለምርምር የሰጠውን ፈቃድ ያንሳ፤ ቀጥሎ ናሙናው እንዲወገድ በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ያስቀምጥ፤ አካውንቱን የሚያጠፋው በመጨረሻ ነው። አካውንቱ ቀድሞ ከጠፋ ስለ ናሙናው መጠየቁን የሚያሳይበት ማስረጃ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ኩባንያው በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ሁለት ወር መጨመር ይችላል። በምርምር ላይ የዋለ መረጃ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ ወንድምዎ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርግ ከሆነ የምርምር ፈቃዱን ያንሳ።