የእንጨቱን ጀርባ ተማሩ

ልጆቼ፣

ሥዕል ጥገና የምትማር አንዲት ልጅ «በዚህ ሙያ ስም ለማውጣት ስንት ዓመት ይፈጃል?» ብላ ጻፈችልኝ። አጭር መልስ ልሰጣት ተቀምጬ ሐሳቤ ጣሊያን አገር፣ ፍሎረንስ ሄዶ ቀረ።

እዚያ ስሠራ የሠዓሊው ጆርጆ ቫዛሪ «የመጨረሻው እራት» የተባለው ሥዕል መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ የተሣለባቸው አምስቱም የፖፕላር እንጨት ሰሌዳዎች ተነጣጥለው። ቫዛሪ በ1546 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለሙራቴ ገዳም ሴት መነኮሳት የሣለው ነው። በኋላ ወደ ሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ኖቬምበር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ፣ ሥዕሉ ከግማሽ ቀን በላይ ጭቃና የማሞቂያ ነዳጅ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ቆየ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፣ ከቀለሙ ሥር ያለው የጀሶ ልባስ ላላ። ሲደርቅ ደግሞ እንጨቱ ተኮማተረ፤ ቀለሙ ግን አብሮ አይኮማተርም፣ ቦታ ጠበበው። እንዳይረግፍ በላዩ ስስ ወረቀት ለጠፉበት። እኔ ሳየው ወረቀቱ አልተነሳም ነበር፤ የጌታን ፊት እንኳ መለየት አይቻልም።

በጎርፉ ጊዜ ወጣት የነበረ አንድ አናጢ አብሮን ይሠራ ነበር። እንጨት በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል። ቡና ሳፈላለት በረካውን ሳይጠጣ ተነስቶ አያውቅም፤ የጣሊያኖቹን ቡና ግን ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጨልጠው። «የዚህ ሐኪም ገና አልተወለደም። አንተ ግን ቀለሙን ተወውና እንጨት ተማር፤ ሲመጣ ትጠብቀዋለህ» አለኝ። ሳቅኩ። ወጣት ሁሉ ቀለም ነው የሚፈልገው፣ ዓይን የሚያርፍበትን። ሌላ ከተማ የቀለም ሥራ አገኘሁና ሄድኩ። እሱን ዳግመኛ አላገኘሁትም።

ሐኪሞቹ ግን መጡ። በ2004 ሰሌዳዎቹ ኦፒፊቾ ዴሌ ፒየትሬ ዱሬ የተባለው የጥገና ተቋም ገቡ። እንጨት የሚያክሙ ባለሙያዎች ጡረታ ሊወጡ መሆኑ ያሳሰበው ጌቲ ፋውንዴሽን የተባለ የአሜሪካ የሥነ ጥበብ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ወጣቶች ከእነሱ ጎን እየሠሩ እንዲማሩ በ2010 ገንዘብ ሰጠ። ሥዕሉ በ2016፣ በጎርፉ ሃምሳኛ ዓመት፣ ወደ ሳንታ ክሮቼ ተመለሰ። እኔም ከጎብኚው ጋር ተሰልፌ አየሁት። ሁሉም ቀለሙን ያደንቃል። እኔ ያማረኝ ጀርባው ነበር። ጎርፍ ከመጣ ሥዕሉን ወደ ላይ የሚስብ፣ በሚዛን ክብደት የሚሠራ መሣሪያም ገጥመውለታል፤ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው።

የዛሬ ልጆች ሥራው ሳያልቅ ፎቶውን ትለጥፋላችሁ፤ ታገሱ እላለሁ። ደግሞ በ1966 ጭቃ ውስጥ ገብተው መጻሕፍቱንና ሥዕሎቹን ያወጡት ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ «የጭቃ መላእክት» ተባሉ። እነዚያን ማንም ታገሱ አላላቸውም፣ ደግም አደረገ። ወረቀቱም የተለጠፈው በጥድፊያ ነው፤ ያ ጥድፊያ ባይኖር በኋላ የሚታከም ቀለም ባልተገኘ። እንግዲህ መቼ እንደምትቸኩሉ እናንተ ታውቃላችሁ።

ስለ ብሩሽ አያያዝ አልነግራችሁም፣ መምህሮቻችሁ ይበቃሉ። አናጢ ፈልጋችሁ ግን አጠገቡ ተቀመጡ። የተጠቀማችሁበትን ሙጫ ዓይነትና የለጠፋችሁበትን ቦታ ጻፉ፤ ወረቀቱን የሚያነሳው ሰው እናንተን ጠርቶ መጠየቅ ላይችል ይችላል።