የአንጀት ባክቴሪያና የአእምሮ ጤና፦ ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ በሆድ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ አእምሮን እንዴት ሊነካ ይችላል?

መልስ፦ በብዙ መንገድ ነው። ቬገስ የተባለው ነርቭ አንጎልን ከሆድ ዕቃ ጋር ያገናኛል፤ አብዛኞቹ ክሮቹም መልእክት የሚያደርሱት ከሆድ ወደ አንጎል ነው። በትልቁ አንጀት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ ሰውነታችን ሊፈጨው ያልቻለውን የእህልና የአትክልት አሰር ሲያብላሉ ቡቲሬትን የመሰሉ አሲዶች ያመነጫሉ፤ እነዚህ አሲዶች የአንጀትን ግድግዳ ያጠነክራሉ፣ ብግነትንም (የሰውነት መቆጣትን) ያበርዳሉ፤ ሥር የሰደደ ብግነት ደግሞ በብዙ የድባቴ ሕሙማን ላይ ይታያል። በ2004 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ያለ አንዳች ባክቴሪያ ያደጉ አይጦች ሲጨነቁ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚያሻቅብ፣ አንድ ጠቃሚ ባክቴሪያ በልጅነታቸው ሲሰጣቸው ግን እንደሚረግብ አሳይተዋል። በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው ይደገማል ማለት እንዳልሆነ ግን አደራ እላለሁ። ስሜትን ከሚነኩ ኬሚካሎች አንዱ ከሆነው ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ በአንጀት ይመረታል መባሉም እውነት ነው፤ ሆኖም ይህ ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም፤ ስለዚህ «ደስታ የሚሠራው በሆድ ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ እንጀራችን የቦካ ስለሆነ ጠቃሚ ባክቴሪያ ይሰጠናል?

መልስ፦ ሊጡን ያቦኩት ተሕዋስያን ምጣድ ላይ ይሞታሉ። የእንጀራ ጥቅም ሌላ ነው፤ ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ አሰሩ ሳይጎድል አንጀት ይደርሳል፣ መቡካቱም ብረቱ በቀላሉ እንዲዋሐደን ይረዳል። ሕያው ባክቴሪያ የሚገኘው ግን ከረጋ በኋላ ካልፈላ እርጎ ነው።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ ልጄ ለድባቴ መድኃኒት ይወስዳል። በምግብ ብቻ ብተካለትስ?

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎ መድኃኒቱን ያለ ሐኪሙ ምክር አያስቁሙት። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 67 የድባቴ ሕሙማን ለ12 ሳምንታት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር፤ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና ያልተፈተገ እህል ካዘወተሩት ሲሶ ያህሉ ከሕመሙ ሲወጡ፣ በምግቡ ፈንታ የማኅበራዊ ድጋፍ ካገኙት የወጡት 8 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ጥናቱ ግን ትንሽ ነው፣ ከተሳታፊዎቹም ብዙዎቹ ምግቡን በሕክምናቸው ላይ የጨመሩ እንጂ ሕክምናቸውን የተዉ አልነበሩም። ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን ከመድኃኒቱ ጋር ይስጡት።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ጾም ይጎዳል?

መልስ፦ የጾም ምግብ በአሰር የበለጸገ ነው። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይቀምስ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፤ እጥረቱም የመርሳትና የእጅ እግር መደንዘዝ ያመጣል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው በሆስፒታል ደሙን ይመርመር።