ፊት የሌለው ቅዱስ

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለምትስሉ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ተማሪ ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስን አንስቶ «ጋሼ፣ ማቲስ ቅዱስ ዶሚኒክን ያለ ፊት የሳለው እጁ ስለደከመ ነው አይደል?» አለኝ። አፈርኩ፤ ለዓመታት ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት ይህንኑ ነበርና።

ሥዕሉ ያለው በደቡብ ፈረንሳይ፣ ቫንስ ከተማ፣ ቅዱስ ዶሚኒክ በመሠረተው የካቶሊክ ማኅበር፣ በዶሚኒካን መነኮሳይያት ጸሎት ቤት ነው። ማቲስ በ1947 መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ሥራውን ሲጀምር 78 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላም ብዙውን ጊዜ የሚውለው በአልጋና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። ቀድሞ ያስታመመችው፣ በኋላ የመነኮሰችው እህት ዣክ-ማሪ ናት ለዚህ ሥራ ያነሳሳችው። ጸሎት ቤቱ በ1951 ሲባረክ በሕመሙ ምክንያት አልተገኘም። እንዲህ ሲባል ድካም ነው ማለት ይቀላል።

ግን አሠራሩን ተመልከቱ። ኒስ ባለው መኖሪያው ግድግዳ ላይ ትልልቅ ወረቀት አስለጥፎ፣ ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ ከሰል አስሮ ነበር የሚስለው። አንድ ቀን ሞክሩት። ዘንጉ ጣትን ከሥራ ያወጣዋል፤ መስመሩ ከትከሻ ይመጣል። ቅንድብ መልቀም አይቻልም፤ ከ4 ሜትር በላይ የሚወርድ የቀሚስ እጥፋት ግን በአንድ ትንፋሽ ይሰመራል። ያንን ደካማ እጅ አያወርደውም። ደጋግሞ ስሎ ያጠናው ሰው ነው የሚያወርደው።

ቀጥሎ መስመሩ በጥቁር ቀለም ወደ ነጭ ሴራሚክ ተሸጋገረ። እቶን ከመግባቱ በፊት ስህተት በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል፤ ከተተኮሰ በኋላ ግን ሴራሚኩን ከመቀየር በቀር ማረሚያ የለውም። ሲገጠምም አንዱ ቁራጭ 2 ሚሊ ሜትር ከሸሸ መስመሩ የተሰበረ ይመስላል።

መስኮቶቹ ሦስት ቀለም ብቻ ናቸው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። ሰማያዊውና አረንጓዴው ጥርት ያሉ ናቸው፤ ቢጫው ደብዛዛ ስለሆነ ውጭውን አያሳይም። ፀሐይ ስትገባ ቀለሙ በነጩ ግድግዳ ላይ ይፈሳል። ቅዱሱ በቀለምና በፊት ገጽታ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ያ ብርሃን ማረፊያ ባጣ ነበር።

ታዲያ እናንተ ፊት አልባ ቅዱስ ሳሉ ማለቴ አይደለም። በእኛ ሥርዓት ቅዱሱ በሁለት ዐይኑ ምእመኑን ያያል። የምለምናችሁ ስለ ዝግጅቱ ነው። አሁን አሁን ፎቶ ከስልክ አውጥቶ፣ አባዝቶ፣ ቀጥታ አቡጀዲው ላይ መገልበጥ በዝቷል፤ ያሳዝነኛል። መጀመሪያ በሙሉ መጠኑ ወረቀት ላይ ሳሉት፤ ግድግዳው ላይ ሦስት ቀን ይሰቀል፤ ምእመኑ ከሚቆምበት ርቀት ጠዋት እዩት፣ ማታ በጧፍ ብቻ እዩት። የጣሪያውን ፍሳሽ ሳታስጠግኑ አቡጀዲ አትለጥፉ፤ እርጥበት ከኋላ ሲገባ ሙጫው ይለቃል፣ ሥዕሉም ከነቀለሙ ይነፋል።

ማቲስ የመስቀሉን መንገድ፣ ማለትም ጌታ ከፍርዱ እስከ ቀብሩ ያለፈበትን፣ 14 ምዕራፎች በአንድ ግድግዳ ላይ አጨናንቆ፣ በቁጥር ለይቶ ስሏቸዋል። እዚያ መስመሩ ሻካራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የቸኮለ ይመስላል። በ6ኛው ላይ ቬሮኒካ የተባለችው ሴት የጌታን ፊት የጠረገችበትን ጨርቅ ታሳያለች። በጨርቁ ላይ ፊት አለ፤ ከግድግዳው ሥዕሎች ሁሉ ዐይንና አፍንጫ ያለው እሱ ብቻ ነው። ለዚያ ተማሪ አስቀድሜ ላሳየው የሚገባኝ ያንን ጨርቅ ነበር።