ያልበራ ኮምፒውተር ፋይል አይሰጥም

ጠያቂው ወንድሜ፣ «ጉግል ድራይቭ ሞላብኝ፤ ፎቶና ቪዲዮዬን አይፒኤፍኤስ ላይ ባደርገው ለዘላለም ይቀመጣል የሚሉት እውነት ነው?» ብለሃል። ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ሞክሬዋለሁና የገጠመኝን ልንገርህ።

ለዘላለም የሚባለውን እርሳው። አይፒኤፍኤስ ሰዎች ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ የሚለዋወጡበት መረብ ነው፤ ፋይልህን ቆራርጦ ከይዘቱ አስልቶ አድራሻ ይሰጠዋል። አንዲት ፒክስል ብትቀየር አድራሻውም ይቀየራል። ስለዚህ ከማንም ይምጣ ከማን፣ የደረሰህ ያው ዋናው መሆኑን ታውቃለህ። ይሄን ወድጄለታለሁ። ግን ፋይሉን የያዘ የበራ ኮምፒውተር ከሌለ አድራሻው ባዶ ነው። የዘጌ ገዳማት ፎቶዎቼን ከፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ለቅቄ ጎንደር ላለ ጓደኛዬ አድራሻውን ላክሁለት። ማታ መብራት ሄደ። እሱ የምትዞረዋን ክብ ሲያይ አመሸ። ደውሎ «ያንተ ዘላለም መብራት እስኪሄድ ነው እንዴ?» አለኝ።

ሌላ ሰው ከፍቶት ቢሆን እንኳ፣ ፒን ካላደረገው፣ ማለትም «ይሄን አታጥፋ» ብሎ ካልያዘው፣ ኮምፒውተሩ ቅጂውን አንድ ቀን ሊያጸዳው ይችላል። ሰዎች ፋይል እርስ በርስ የሚያወራርዱበት ቢትቶረንትም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ሰው የሚሻማበት ፋይል ይፈጥናል። የቤተሰብህን ፎቶ ግን ማን ይሻማበታል? በክፍያ ፒን የሚያደርጉልህ አሉ። ያው ኪራይ ነው፤ ጥቅሙ አከራይ ብትቀይርም አድራሻው አለመቀየሩ ነው።

የደንበኛ ሰርግማ እንዳታስገባበት! በራሱ አይመሰጥርልህም። አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ያየዋል፤ አንዴ ሌላ ሰው ጋ ከገባ ደግሞ «አጥፋልኝ» የለም።

አሁን ሲንክቲንግ ነው የምጠቀመው፤ በመረጥካቸው ኮምፒውተሮች ላይ ያለውን ፎልደር አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም ነው። ፎቶ ቤት፣ ቤቴና የኤዲተሬ ላፕቶፕ ተያይዘዋል። ኢንተርኔት ጭራሽ ቢጠፋ እንኳ ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ፋይሉ ያልፋል። እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከጉድ ግን አላመለጥኩም። ኤዲተሬ ላፕቶፑ ሲሞላበት «የጥር ሰርጎች» የሚለውን ፎልደር ከራሱ ላይ አጠፋው። ቡና ጠጥቼ ስመለስ ከኔም የለ! ማጥፋትም እንደ መጨመር ይተላለፋላ። የድሮ ቅጂ የሚያስቀምጠውን ቅንብር አላበራሁትም ነበር። አንተ ገና ስትጭነው አብራው። ግማሹን ከካሜራ ካርድ ላይ አዳንኩ፤ አንዷን ሙሽራ ግን ጣና ዳር ባገኘኋት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

ለማንኛውም ሲንክቲንግን በሁለት ኮምፒውተር ጀምር። ከዚያ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዛ፤ ገልብጠህ ንቀለው። የኔ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከእናቴ ነጠላ ስር ነው ያለው።