መታጠቡ ይቅደም አለመብላቷ?

"እህቴ እጇን ደጋግማ ትታጠባለች፣ ጉርሻ ትቆጥራለች፣ ከስታለች፤ የቱ ይታከም?" ላልሽው፦ መታጠቡና መቁጠሩ የአባዜ ሕመም (OCD)፣ አለመብላቱ ደግሞ የአመጋገብ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ይታከማሉ። ራሷን እየሳተች ከሆነ ግን ሰውነቷ ይቀድማል። ነገ ዛሬ ሳትዪ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰጃት። የአእምሮ ሕክምናውም እዚያው አለ።

ለሐኪሙ ሁለቱንም ንገሪው። መታጠቡን ተናግሮ አለመብላቱን "ጾም ነው" ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው። የልብ ምቷና የደሟ ፖታሲየም (ልብ በደንብ እንዲመታ የሚረዳ ማዕድን) ይታይ። ቤት ውስጥ በአንዴ ብዙ አታብሏት፤ ለረጅም ጊዜ ያልበላ ሰው ላይ አደገኛ ነው። ምግቡ በሐኪም ክትትል ቀስ እያለ ይጨመር።

ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድብርትና የአባዜ መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል። ለውጡ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። በጣም ለከሳ ሰው መድኃኒቱ ብቻውን ብዙም አይረዳም። ዋናው ልምምዱ ነው፦ ከባለሙያ ጋር የምትፈራውን ምግብ በትንሽ በትንሹ መቅመስ፣ ከዚያ ሳይታጠቡ፣ ሳይቆጥሩ ጭንቀቱ እስኪበርድ መቆየት።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ወንድሜን ሳስታምም፣ ብቻ ይብላልኝ ብዬ ሳህኑን ሦስት ጊዜ አጥብለት ነበር። "ንጹሕ ነው?" ሲለኝ አሥሬ "አዎ" እለዋለሁ። በሽታው በዚያ ባሰበት። "ይሄን አልመልስልህም፣ አብሬህ ግን እበላለሁ" ማለትን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንቺም ቀድመሽ ነግረሻት፣ እንዲህ ያለውን ማጠብና ማረጋገጥ ቀስ በቀስ ተዪው።